የማሳ ሽቦ

መኪናዬ አርጅታ የምትጣል አይደለችም፣
ግን አንድ ቀን ሙሉ ደህና ውላ አታውቅም፤
ለዓመቱ ምርመራ ሳቀርባት፣ ከወረቀቱ ላይ ባዶ ቦታ አይተርፍም።
የቀኙን ስፖርቴሎ ስዘጋው በኃይል
የግራው ተከፍቶ ወለል ብርግድ ይላል።
ማሞቂያዋ ሐምሌ እንደ ምድጃ ይነድዳል፣
ጥር ላይ ሲለምኑት ብርድ ይተፋል።
ከመሪው በስተጀርባ ቢጫ መብራት አለች፤
ምን እንደምትል እንጃ፣ ሦስት ዓመት በርታለች።
ዲልዊን መካኒኩ፣ እጁን ጠርጎ በጨርቅ፣
«ተዋት» አለኝ፣ «ይልቅ ስትጠፋ ተጨነቅ»።
ሃያ ፓውንድ ከፈልሁ፤
ለጨርቁ ይሆናል ብዬ ተጽናናሁ።

ኔሪስ ባለቤቴ «ሽጣት» ትለኛለች፤
«ማን ይገዛል?» ስላት ራሷ ትስቃለች።
አልሸጣትም እኔ፣ አልለውጥ በሌላ፤
ጣሪያዋ ላይ አንቴና አለ፣ እንደ ዓሣ ማጥመጃ ዘንግ ነፋስ የሚያወዛውዘው፤
ማታ ራት ተበልቶ፣ ሳህን ታጥቦ ኋላ
ከሰማይ ድምፅ ላጠምድ በሷ ነው የምሄደው።

ኮረብታው ላይ በጎች ጥግ ይይዛሉ፤ ዓይናቸው በመብራቴ አረንጓዴ ይሆናል፤
ከታች የዌልስ ጠረፍ፣ ባሕሩ በጨለማ ድንጋይ ያንከባልላል።
ሠላሳ አንድ ዓመት የተማሪ አውቶቡስ ስነዳ
የሚጮኸው ሁሉ ከኋላዬ ነበር፤
አሁን ከፊቴ ነው፣
ከራዲዮኑ ውስጥ፣ ከማላውቀው አገር።

«ሲኪው፣ ሲኪው» እላለሁ፤ ትርጉሙ ቀላል ነው፦
እንግዳ ደጃፍ ቆሞ «ቤቶች!» እንደሚለው።
አንዳንድ ማታ ከብሬስት አንድ ዳቦ ጋጋሪ «አቤት» ይለኛል፣
ሊጡ ኩፍ እስኪል ድረስ ስለ ጉልበቱ ሕመም ያወጋኛል።
አንዳንድ ማታ ደግሞ ማንም፤
ሿሿታው ብቻ ነው፣ ሌላ የሚሰማ የለም።

ኅዳር ላይ ግን ሃኑስ መጣ፣
ከፋሮ ደሴቶች፣ የጀልባ ሞተር ሲጠግን ኖሮ በቅርቡ ጡረታ የወጣ።
«ድምፅህ ደርሶኛል» አለ፣ «ግን ብቻህን አይደለህም፤
ከጀርባህ ትንኝ አለች፣ አንተ ዝም ስትል እሷ አታርፍም።
ነዳጁን ስትረግጥ ትቀጥናለች፣
ስትለቅ ትወፍራለች።
እስቲ ርገጥ።» ረገጥሁ። «ልቀቀው።» ለቀቅሁ።
ሐኪም ቤት ሸሚዜን ገልቤ «ተንፍስ» የተባልሁ መሰለኝ፤ በረጅሙ ተነፈስሁ።
ሺህ ኪሎ ሜትር ርቆ፣ መሃላችን ማዕበል ተኝቶ፣
«ዲናሞህ ደህና ነው» አለኝ፣ ጆሮውን ሰጥቶ፤
«የለቀቀብህ ማሳ ነው።»

ማሳ እንኳ የለኝም።
ጓሮዬ አንድ መደብ ጎመን አለች፤ እሷም ከበግ አልተረፈችም።
እሱ ያለው ግን ያቺን ጥቁር ገመድ ነው፣
ባትሪውን ከመኪናዋ ገላ የምታስረው፤
ቡሎኗ ላልቶ፣ ዝገት እንደ አረም በቅሎባት
ማሳዬ ጦም አድራለች፣ እኔ ሳላርማት።

በማግስቱ ጠዋት ኮፈኑን ከፍቼ
ዝገቱን ፈተግሁት ጎንበስ ብዬ ተግቼ፣
በጥርስ ብሩሽ፣ በኔሪስ።
አሮጌው መስሎኝ ነው።
አልነበረም አሮጌው።
ስለሱ ሌላ ጊዜ።
ቡሎኑን አጠበቅሁት፣ ሞተሩን አስነሣሁ፤
ቢጫዋ መብራት ጠፋች።
ተጨነቅሁ።

ማታ ኮረብታው ላይ «ሲኪው፣ ቤቶች!» ብዬ ተጣራሁ።
«ማን ልበል?» አለ ሃኑስ። ስሜን ነገርሁት፤
መለያዬንም ፊደል በፊደል ቆጠርሁለት።
«ትንኟስ?»
«ሞታለች።»
ዝም አለ። ዝናቡ ጣሪያዬን ይደልቃል።
«ጥሩ ነው፣ ጠርተሃል» አለኝ ቆይቶ፣ «ግን ድምፅህ
የማላውቀው ሰው ይመስላል።»

የምለው ጠፋኝና
የዝናብ መጥረጊያውን ከፈትሁለት፣ በኔ በኩል ያለውን፣
ላስቲኩ ተልጦ፣ ከመጋቢት ጀምሮ ዛሬ ነገ ልቀይረው ስል
መስተዋቱን ሲቧጥጥ የኖረውን፤
ማይኩንም አስጠጋሁለት።
ሲጢጥ።
ሲጢጥ።
«አሃ!» አለ ሃኑስ፣ «ኤሚር!»